9 ሰዓት የማን ነው?

ሰው ዕድሉን ሊያጣ ይችላልን? ይህን የምጠይቀው ስለ ራሴ ነው።

በስልክ «ሐሙስ በ9 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ደብረ ማርቆስ ይገኙ» ተባልሁ። ከጉንደ ወይን ረቡዕ ሄጄ አደርሁ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቢሮው ማዶ ሻይ ይዤ ያጠናሁትን እከልስ ነበር። ለ9 ሩብ ጉዳይ ስገባ ፈተናው ጠዋት አልቋል። ጠሪው የተናገረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል። አንድ ሽማግሌ ፈታኝ ግን አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቁኝ። እንደዚያ ቀን አጥርቼ መልሼ አላውቅም። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ቦታው እኮ ከምሳ በፊት ሰው አግኝቷል» አሉኝ።

ጎረቤት ሁሉ «ዕድልህ አይደለም» አለ። ዕድል ምንድን ነው? አዳይ ለአንድ ሰው ያደለው ድርሻ ነው። ድርሻዬ ከነበረ ለሌላ አያልፍም። ለሌላ ካለፈ ድርሻዬ አልነበረም። እንግዲያው ያጣሁት ዕድል የለም። አንድ ነገር ማጣቴን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ቃሉ ለነገሩ አይበቃም።

«ጊዜ በደለህ» የሚልም አለ። ያ ሐሙስ እንደ ሌላው ሐሙስ ነግቶ መሸ እንጂ ምን አደረገኝ? ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ ዘግይቶ በመድረሱ 5,000ውን ሳይሮጥ ቀረ። ዓመቱ በፈረንጅ 1972 ነበር። ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ የወሰደውም በ1972 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ቁጥሩ አንድ ነው፤ አልነሳውም፣ አልሰጠውምም።

ታዲያ የበደለኝ ቆጠራው ይሆን? በጎጃም የሰኔ ቀን ከታኅሣሥ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል። በስቶክሆልም ልዩነቱ 12 ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ ንጋትን መነሻ ያደረገ ሰው ግራ ይጋባል። ከእኩለ ሌሊት መቁጠርም ሐሰት አይደለም፤ ስምምነት ነው። ስምምነት ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። በአማርኛ «9 ሰዓት» ያለኝ ሰው፣ እኔ የምሰማው የትኛውን 9 እንደሆነ ማሰብ ነበረበት። ጥፋቱ የእሱ ነው አልሁ።

ልቤ ግን ተቃወመኝ፦ «አንተስ ለምን አልጠየቅህም?» መሥሪያ ቤቱ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ማለት ሦስት ቃል ነው። ዝም ያልሁት ባላገር እንዳልባል ነው። ሰዓት አቆጣጠሬን እንደ ነውር ቆጥሬው ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ እውነት ግን ነው።

አንድ ነገር ገና አልተፈታልኝም። ቦታው እንደተያዘ እያወቁ ሽማግሌው ለምን ጠየቁኝ? «አዝነውልህ ነው» ይሉኛል። ለሐዘኔታ ቢሆን ያልሁትን ሁሉ እሺ ባሉኝ ነበር። እርሳቸው ግን ሁለት ጊዜ «አይደለም» ብለው ተከራከሩኝ። በአንዱ ተረቱልኝ። ሌላኛውን እስካሁን እያሰብሁበት ነው።