ማርሳዊው ዘፈን የለውም

ለመሆኑ ጥፋትን በዜማ አጅቦ ማየት ይገባል ወይ? ይህን ጥያቄ ያነሳነው አሰላ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን (የጭላሎ ብርድ ለሥነ ጥበብ አያዝንም) «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ሙዚቃዊ ድራማ በቪዲዮ ከተመለከትን በኋላ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ ልብወለዱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1898 ነበር፤ ጄፍ ዌይን በ1978 ዜማ አበጅቶለት በሸክላ አወጣው፤ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ መድረክ ላይ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማርስ ፍጡራን እንግሊዝ አገር ይወርዳሉ። ባለ ሦስት እግር መኪናቸው በጨረር ያቃጥላል፣ በጥቁር ጭስ ያፍናል። መድረኩ ላይ ያ መኪና ከሙዚቀኞቹ በላይ ቆሞ እሳት ሲተፋ ተመልካቹ ያጨበጭባል። «እንዴ! የገዛ አገሩ ሲቃጠል?» አለ አንዱ ከመካከላችን። እኛ በጭብጨባው ነውር አላየንም። የእኛም አልቃሽ ሐዘኑን በግጥምና በዜማ ነው የምታወጣው፤ ሬሳው ግን በዚህ አይቀልም። የከነከነን ሌላ ነው። ቄሱ ይዘፍናል፣ ሚስቱ ትዘፍናለች፣ መድፈኛው ወታደር ይዘፍናል። ማርሳዊው ያለው «ኡላ» የሚል ጩኸት ብቻ ነው። ዘፈን ለሌለው ማን ያዝናል? በጀርም ሲያልቅ ሁሉም እፎይ ይላል።

ዌልስ ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ በማርሳውያን ከመፍረዳችን በፊት በአውሮፓ ሰፋሪዎች የተፈጁትን የታስማኒያ ሰዎች እንድናስታውስ ይጠይቃል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። በ1935 እና በ1936 የፋሺስት አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲረጭብን ጥቁሩ ጭስ ልብወለድ መሆኑ ቀረ። ያኔ እኛ ምድራውያኑ ነበርን። ነገር ግን እዚሁ አርሲ ምድር፣ በ1886፣ አዙሌ ላይ፣ ጦርና ጋሻ የያዘው የአርሲ ፈረሰኛ የራስ ዳርጌን ባለጠመንጃ ሠራዊት ገጠመ። ዓመታት ሲከላከል የኖረ ሕዝብ ተሸነፈ። ለዚያ ፈረሰኛ ጥይቱ ከማርስ ከሚመጣ በምን ይለያል? ከ10 ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ ደግሞ ጠመንጃ አገር አዳነ። ነገሩ ይመራል፤ ከእኛ መካከል የአርሲም የሸዋም ልጆች አለንና። በትምህርት ቤት በዓል ስንሰማው ያደግነው ፉከራና ሽለላ የባለጠመንጃው ነው። የፈረሰኛው ዜማ በኦሮምኛ፣ በየቤቱ ቀረ። ቋንቋውን ለማያውቅ ጆሮ ደግሞ ያ ዜማ ከ«ኡላ» አይለይም።

እንግዲህ አዙሌ ሙዚቃዊ ድራማ ቢሆን ዘፈኑን ለማን እንሰጣለን? «ባለጠመንጃው ዝም ይበል፤ ተራው ነው፣ ይቅመሳት!» ያለ አለ። «እሱም እናቱ አልቅሳ የሸኘችው የገበሬ ልጅ ነው» ያለችም አለች። እኛ ወደ እሷ እናደላለን፤ ነገር ግን ፈረሰኛው ይቅደም። በኦሮምኛ፣ ያለ ትርጉም፣ እስከ መጨረሻው ይዝፈን። ያልገባው ተመልካች አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቅ።