ከአድማስ ወዲያ የተገፋ ኪሳራ

ቼዝ የሚጫወት ኮምፒውተር ራሱን ያታልላልን? ጥያቄው ቀልድ ይመስል ይሆናል።

በቼዝ በአንድ ተራ በአማካይ 30 ያህል አማራጮች አሉ፤ ባላጋራው ሲመልስ 900 ያህል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጦችን ይመረምር ነበር። እርሱም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ መቆም ነበረበት።

መቆሙ ነውር የለውም። ነገር ግን የሁለቱም ወገን ተደምሮ ስምንት እርምጃ ብቻ የሚያይ ፕሮግራም፣ በስምንተኛው ላይ ንግሥቱ እንደምትበላ አየ እንበል። ወታደር ገፍቶ የባላጋራውን ንጉሥ ያሰጋል። ባላጋራው ወታደሩን ለመብላት ሲገደድ የንግሥቲቱ መበላት ወደ አሥረኛው ይሸሻል። ከእይታ ወጣ፤ እንግዲህ በሂሳቡ ንግሥቲቱ ድናለች! በሚቀጥለው ተራ ሌላ ወታደር ይሰዋል። በመጨረሻ ወታደሮቹም ንግሥቲቱም ይሄዳሉ። የቼዝ ሊቁ ሃንስ በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን «የአድማስ ውጤት» ብሎታል። መበላላቱ እስኪረጋ ድረስ ፍለጋውን ማስረዘም ችግሩን በከፊል ያቃልላል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

ማሽኑን «ዋሾ» ልንለው አንችልም፤ ከአድማሱ ወዲያ ያለውን አያውቅምና። ዕዳውን በሌላ ዕዳ የሚከፍለው አባወራስ? እርሱ ቀኑን ያውቃል። ለባለቤቱ «የዚህ ወር ተከፍሏል» ሲላት ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከውሸት አልለየውም። እርሷ የጠየቀችው የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመስከረም ይደርስ እንደሆነ ነበር።