ቍጥሩ የዕቃው ነው ወይስ የሰው?

የመንግሥት ንብረት የሕዝብ አደራ ነው። አደራን መቍጠር ግዴታ እንጂ ነውር አለመሆኑ የታወቀ ነው። ቀድሞ የንብረት ክፍል ሹም መዝገቡን ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ እየዞረ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ይቈጥር ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩና በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካ የየራሳቸውን መለያ ቍጥር ይዘው ይወጣሉ፤ የኔትዎርክ ካርዱም ባለ 12 ምልክት አድራሻ አለው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሊቈጥር፣ የተለወጠውንም ዲስክ ሊያውቅ ይችላል። ይህን መልካም እንለዋለን።

ነገር ግን ወንበር የተቀመጠበትን ሰው አይናገርም፤ ኮምፒውተር ይናገራል። ቍጥሩ ከሠራተኛው ስምና ከሰዓቱ ጋር በተጣመረ ጊዜ የዕቃ ቈጠራ መሆኑ ቀርቶ የሰው ክትትል ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በፔንቲየም 3 ላይ በሶፍትዌር የሚነበብ መለያ ቍጥር ባኖረ ጊዜ ብዙዎች የተቃወሙት ይህንኑ ፈርተው ነበር፤ ኩባንያውም በ2000 ወደ ፊት በሚሠራቸው ላይ ቍጥሩን እንደሚተው አስታወቀ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቈጠራው ይቅር ብንል «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚለው ተረት ይፈርድብናል። ይሁን እንጂ ቈጣሪው ምን እንደሚቈጥር ለሠራተኛው አስቀድሞ ይንገረው፤ ለንብረት ጥበቃ የሰበሰበውንም ለሌላ ነገር አያውለው። የሠራተኛው ክብርም በአለቃው እጅ ያለ አደራ ነውና፣ አንዱን አደራ ለመጠበቅ ሌላውን መብላት አይገባንም።