ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሰንሰለት

የአእምሮ ሕመም የኃጢአት ደመወዝ ነውን? ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ በተቀመጠችው በደጀንም ሆነ በብቸናና በሞጣ ገጠር፥ ልጁ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ሲናገር ያየ አባት ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። መጻሕፍት ግን ይህን ፍርድ አያጸኑለትም፤ ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሱ እንድትወሰድ በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ የመጣለት ተግሣጽ ይዞ ሳይሆን እንጎቻና ውሃ ይዞ ነበር፤ በልቶም ደግሞ ተኛ፥ ተልእኮውም ከዚያ በኋላ ተነገረው። (እኛ ግን ተግሣጹን እናስቀድማለን፤ እንጎቻውንም ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።) በጌርጌሴኖን መቃብር ይኖር የነበረውን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት ሰዎች ሲሆኑ፥ ጌታ ግን ፈውሶ ወደ ቤተ ሰቡ ሰደደው።

ስለዚህ ጸበል መጠመቅ ሃይማኖት ነው፤ መድኃኒት ማስጣል ግን ሃይማኖት አይደለም፤ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስለ ነበረ፥ የደጀን ሕመምተኛ ዓባይን ተሻግሮ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር። በቡታጅራ ለ10 ዓመት የተደረገ ጥናት፥ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያደረባቸው ሰዎች በአማካይ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፥ ከገዳዮቻቸውም ዋነኛው ተላላፊ በሽታ እንደሆነ ገልጧል፤ ይህም በእኔ ፍርድ ከጋኔን ይልቅ የቸልታ ሥራ ነው።

እንግዲህ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ ጸበል ያዘዛችሁለትን ልጅ ክኒኑንም እንዲውጥ እዘዙት፤ የእድርና የሰንበቴ ማኅበርተኞችም፥ ለሞተ ሰው ድንኳን እንደምትተክሉ ሁሉ፥ በሕይወት ላለው ሕመምተኛ እንጀራ አድርሱለት።