ከፖሊስ በኋላ የሚመጣው ሰው

የወንጀል ፊልም የሚወድ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። በር ይሰበራል፤ አስከሬን ይገኛል፤ ፖሊስ ገመዱን ይወጥራል፤ ፎቶ ይነሳል፤ አሻራ ይለቀማል። ከዚያ አንድ እንቅልፍ ያጣ መርማሪ ሲጋራውን እያጨሰ ነገሩን ይፈታውና ገዳዩ ተይዞ ፊልሙ ያልቃል። እኛም ፍትሕ ተገኘ ብለን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እንተኛለን። ምንጣፉስ? ግድግዳው ላይ የተረጨው ደምስ? ያን ሁሉ ማን አጠበው? እኔ ይህን ያህል ዘመን ፊልም ሳይ ጥያቄው አንድም ቀን መጥቶብኝ አያውቅም ነበር።

ያመጣብኝ አንድ የጀርመን ተከታታይ ኮሜዲ ነው። «ደር ታትኦርትራይኒገር» ይሉታል፤ የወንጀል ስፍራ አጽጂው ማለት ነው። ኤን ዲ አር የተባለው የሰሜን ጀርመን ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2011 ገና ሊብት ሲል፣ ብዙ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ያለ ማስታወቂያ ነበር ብቅ ያደረገው። ያፈሩበት ይመስላል። ሰው ግን ወደደው፤ ግሪም የተባለውን የአገሪቱን ትልቅ የቴሌቪዥን ሽልማትም አገኘ። እስከ 2018 ድረስ 31 ክፍል ተሠራ። ሁሉንም የጻፈችው አንዲት ሴት ናት፤ ኢንግሪድ ላውዙንድ ትባላለች፤ ሚትሲ ማየር በሚል የብዕር ስም። እንግሊዞችም በ2021 በቢቢሲ የራሳቸውን ሠርተውለታል።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሾቲ ይባላል፤ ብያርነ ሜደል ነው የሚጫወተው። ሃምቡርግ የሚኖር፣ ኳስ የሚወድ፣ ፍልስፍና ያልተማረ ተራ ሰው ነው። ሥራው የሚጀምረው ሬሳው ከተነሳና ፖሊስ ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው። ነጭ ቱታውን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ መፈተግ ይጀምራል። ታዲያ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል። ሚስት ትሆናለች፣ ጎረቤት ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍል የምትመጣው ከሟቹ ጋር ቀጠሮ የነበራት ሴተኛ አዳሪ ናት። ከዚያ ወሬ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ወሬ። ማሳደድ የለ፣ ተኩስ የለ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ብዙም ግድ የሚሰጠው የለም።

መቼም ሾቲን የሚያገኘው ሰው ሁሉ በልቡ ወይ በአፉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «እንዴት ትችለዋለህ?» ጥያቄው ሲሰሙት አድናቆት ይመስላል። እኔ ግን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር አጥር ሆኖ ነው የታየኝ። «አንተ የምትችለውን እኔ አልችልም» ማለት «እኔ ካንተ ወዲህ ነኝ» ማለት አይደል? ያቺ ሴትና ሾቲ ይህንኑ ጥያቄ እርስ በርስ ሲወራወሩት አስቂኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ሥራ ይሰቀጠጣል፤ ሁለቱም የራሳቸውን ይለምዱታል። እኛም አገር ይህ አጥር ያረጀ ነው። ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ስም እያወጣን በማጀቱ ዕቃ ስንጠቀም ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ የቱን ያህል በዝቶ እንደነበር ይመሰክራል። አዋጁ ስድቡን ከልክሎ ይሆናል፤ መሰቀጠጡን ግን በአዋጅ ማን ያነሳዋል?

ከዚህ የባሰውን ነገር ደግሞ ኮሜዲው ብዙም አይጫነውም፤ የሥራው ጠባይ ራሱ ነው የሚናገረው። ጀርመን አገር ፖሊስ አያጸዳም። ማጽዳቱ የቤቱ ባለቤት ወይም የወራሹ ጣጣ ነው፤ ድርጅት ይጠራል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ወንጀል ይባል እንጂ ከሚጠሩበት ቤት ብዙው ወንጀል ያልተፈጸመበት ነው። ብቻውን ሲኖር ብቻውን የሞተ፣ ሳምንታት ቆይቶ በሽታው ወይም በፖስታ ሣጥኑ መሙላት የታወቀ ሰው ቤት ነው። ያኔ ወለል መወልወል ብቻውን አይበቃም። ጣውላው ይነቀላል፤ የግድግዳው ወረቀት ይላጣል። እዚያ ቤት ለዚያ ሰው ብሎ ጎንበስ የሚለው የመጨረሻው ሰው በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው።

«እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ልል ነበር። በልጅነቴ ሰፈራችን አንድ ጡረተኛ ላጤ ነበሩ፤ ከሁሉም የተጣሉ፣ ዕድርም የማይከፍሉ። ሦስት ቀን ጠፍተው ሞተው ተገኙ። የሰፈሩ ሴቶች ሳይጠሩ ሄዱ። ውኃ አፈሉ፣ ከርቤ አጨሱ፣ ወለሉን በበረኪና አጠቡ። ገናዥም ተገኘ፤ ድንኳንም ተተከለ። እናቴ እጇ ተልጦ ነበር የመጣችው። ማንም ማንንም «እንዴት ቻልሽው?» አላለም። ይህን አልረሳውም። ግን እውነት እንናገር ከተባለ በማግሥቱ ሰውየው ስንት አንሶላ እንደነበራቸውና አልጋቸው ሥር ስንት ጠርሙስ እንደተገኘ ያላወቀ የሰፈር ሰው አልነበረም። ሾቲ ይህን አያደርግም። ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ገመናውን እዚያው ትቶ ይሄዳል። የትኛው ይሻላል? ያለ ክፍያ የምታጥብህና የምታማህ፣ ወይስ ተከፍሎት የሚያጥብህና ስምህን የማያስታውስ? እኔ የእናቴን እመርጣለሁ፤ ሐሜቱንም ጨምሮ። ለማማትም ቢሆን ሰውን ማወቅ ያስፈልጋላ። ግን ይህን የምለው ሰው አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከፊት ለፊቴ ያለው በር ማን እንደሚኖርበት አላውቅም። ጫማ ተቀምጦ አያለሁ፤ ይኸው ነው።

ክፍያው እንክብካቤውን ያረክሰዋል ለማለትም አልደፍርም፤ አንዲት ወዳጄ ይህን አስተው አድርጋኛለች። ጀርመን አገር ጽዳት ትሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻቸውን የሞቱ ሽማግሌ ቤት ባዶ ለማድረግ ተላከች። ወራሽ አልመጣም፤ አከራዩ ቤቱን ፈልጎታል፤ ትእዛዙም ሁሉም ወደ ቆሻሻ መጫኛው እንዲገባ ነው። ድስቱን ጣለች፣ ኮቱን ጣለች፣ አልበሙ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አንዱን ፎቶ፣ ሽማግሌው በወጣትነታቸው ብስክሌት ይዘው የቆሙበትን፣ አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሰረቅሁ ማለት ነው?» አለችኝ በስልክ። ሕጉን ብትጠይቂው ምናልባት አዎ ይልሻል አልኳት። «ልጣለው ነበር እንዴ? ሰውየው እኮ እየሳቀ ነው» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የራሳቸው ዘመድ ያልፈለገውን ፊት አንዲት የሩቅ አገር ሴት በደሞዝ ሰዓቷ ላይ ማትረፍ መብቷ ይሁን ግዴታዋ አላውቅም።

ፎቶው ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ ነው፤ ከአባቷ ፎቶ ዝቅ ብሎ። ሊጠይቋት የሚመጡ አበሾች ቡናውን እየጠበቁ ያዩትና ይህ ፈረንጅ ደግሞ ማነው ይሏታል።

«የማውቃቸው ሰው ናቸው» ትላለች።