ስለ ስንቅ

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ እግሩን ሲያለማምድና ስንቁን ሲሰፍር ቢከርም፥ ይህ ሥራው ጥበብ ነው ወይስ የእምነት ጉድለት? እኔ ወጣት ሳለሁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን መልሴ ሰው ሲጎዳ በዓይኔ ስላየሁ፥ ነገሩን ደግሜ ለማሰብ ተገደድሁ።

አገሬ አዲስ ዘመን ነው፤ ከከተማው በላይ ጣራ ገዳም ከነደኑ ይታያል። በልጅነቴ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ከእኛ አገር ብዙ ሰው ለገና በዓል ወደ ላሊበላ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም መኪና እያለ በእግሩ የሚሄድ አለ። የእኛ መንገድ በደብረ ታቦር አድርጎ፥ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዞ፥ በጋይንት በኩል ወደ ላስታ ያልፋል። ጉና ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ የሚያድርበት ወር ስለ ሆነ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ነፋስ መውጫም ስሟን ያለ ምክንያት እንዳላገኘች በዚያ ወር በሌሊት ያለፈባት ሰው ይመሰክራል።

በጎረቤታችን የነበሩ አንዲት መነኩሲት ለዚህ መንገድ መሰናዳት የሚጀምሩት ከኅዳር አጋማሽ ነበር። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነውና ቅቤ የገባበት ስንቅ አይያዝም፤ የገብስ በሶ፥ የሽምብራ ቆሎ፥ ጥቂት ጨው፥ ውሃ መያዣ ቅል፥ ይኸው ነው። እሳቸው ግን በሶውን በስልቻ ሞልተው በጀርባቸው እያዘሉ፥ በየሁለት ቀኑ ጣራ ገዳም ወጥተው ይመለሱ ነበር። ስንቁን የሚሰፍሩትም በእፍኝ ነው፤ «ይህ የመሄጃ፥ ይህ የመመለሻ፥ ይህ ደግሞ የመንገድ» ይላሉ። ሦስተኛው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። የጠየቅኋቸው ሌላ ነው።

«እማሆይ፥ ጌታ ሐዋርያቱን ሲልካቸው ያለ ስንቅ አልነበረምን?»

ፈገግ አሉና፥ «እነሱስ ተልከው ነው ልጄ፤ አንተን ማን ላከህ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ጋቢዬን ለብሼ ዱላዬን ይዤ ባዶ እጄን ተነሣሁ፤ በየደረስሁበት የእግዜር እንግዳ ተብዬ ማደሬ አይቀርም ስል አሰብሁ። ያመንሁት በጉልበቴ ሆኖ ሳለ በእግዚአብሔር ያመንሁ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እግሬ ውሃ ቋጠረ። የመንገድ ዳር ገበሬ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንግዳ በዝቶበት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጉና ግርጌ ሜዳ ላይ ባደርንበት ሌሊት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ የሰሙት መነኩሲት፥ አንድ ቃል ሳይናገሩ በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። «እግዜር አላሳፈረኝም» ብዬ ጠጣሁ። በማግሥቱም፥ በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። ጋይንት ስንደርስ፥ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ስንቋ አልቆባት ከባልንጀሮቿ ተለይታ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ አገኘናት። እማሆይ ስልቻቸውን ፈትተው እጃቸውን አስገቡና ጥቂት ቆዩ። «የመንገድ» ያሉትን እኔ ጨርሼዋለሁ። ከመመለሻቸው ዘግነው ሰጧት፤ ስንመለስም ሁለት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር አልቀመሱም። ተግሣጽ አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ እምነት ያልሁት ነገር በአንዲት አሮጊት ጀርባ ላይ የተጫነ ሸክም ኖሯል።

አንዳንድ ወጣት ይህን ስነግረው አበበ ቢቂላን ይጠቅስብኛል። እውነት ነው፤ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። ነገር ግን የክብር ዘበኛው ወታደር ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሲለማመድ የከረመ ሰው ነበር። አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው የለመደውን መረጠ፤ ባዶ እግሩ ራሱ ስንቁ ነበር። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶክዮ ላይ ግን፥ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው፥ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። ተመልካች ያየው የሁለት ሰዓቱን ሩጫ ነው፤ የቀረውን ወራት ማን አየው?

ስንቅ ማብዛትም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያው ጉዞ አንድ ሰው በአህያ ጭኖ መጥቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሁሉ ስንቁን ሲጠብቅ ተቀምጦ ያድርና ቀን መንገድ ላይ ያንቀላፋል። ልኩ የት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መነኩሲቷ ከሰፈሩት ከሦስቱ እፍኝ የተሻለ ልክ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በዓመቱ ኅዳር ላይ እኔም ስልቻ አዝዬ ጣራ ገዳም መውጣት ጀመርሁ። እማሆይ ጉልበታቸው ደክሞ ነበርና ያን ዓመት አልሄዱም። የሰፈርሁትን በሶ ወስጄ ባሳያቸው፥ ስልቻውን በእጃቸው መዘን አድርገው፥ «የመንገዱስ?» አሉኝ።

ምጣዱ ገና አልበረደም ነበር፤ ገብስ ልጨምር ተመለስሁ።