የአፍ ወለምታና የሕዝብ ሚዛን

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። እግሩ ወለም ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ይታሻል፤ ጥቂት ቀን አነክሶም ይድናል። ከአፍ ያመለጠ ቃል ግን ወጌሻ የለውም። ይህ አነጋገር ለሁላችንም የተነገረ ቢሆንም ይበልጥ የሚከብደው በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው በሕዝብ ስም ለሚናገሩ ሰዎች ነው። እነርሱ ተጠንቅቀው የተናገሩት ሺህ ቃል ተረስቶ፣ ሳይጠነቀቁ የተናገሩት አንድ ቃል ለዓመታት ሲነሣ እንሰማለን።

ውድ አንባብያን፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጉዳይ ሁለት ጥያቄዎችን የያዘ ነው። አንደኛው፣ የሕዝብ ተመራጭ ማንም አይሰማኝም ብሎ በተናገረው ቃል ሊፈረድበት ይገባልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ሕዝብ ተመራጮቹን በጅምላ ቢንቅ ትክክል ነውን? የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ቈጥረው ለሁለቱም «አዎን» የሚል መልስ ይሰጣሉ። በእኛ አስተያየት ግን የመጀመሪያው መልስ «እንደ ቃሉ ክብደት» የሚል ሲሆን፣ የሁለተኛው መልስ «አይደለም» ነው። ምክንያታችንን በምሳሌ እናስረዳ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2010 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጎርደን ብራውን ለምርጫ ቅስቀሳ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ወደ ሮችዴል ከተማ ሄደው ነበር። በዚያም አንዲት የ65 ዓመት ባልቴት መንገድ ላይ አገኟቸውና አነጋገሯቸው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የብራውንን ፓርቲ ሲደግፉ የኖሩ ናቸው። ስለ መንግሥት ዕዳ፣ ስለ ተማሪዎች ክፍያ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ስለሚመጡ ስደተኞች ጠየቋቸው። መሪውም በትሕትና መለሱ፤ በፈገግታም ተሰነባበቱ። ብራውን መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩ ሲዘጋ ግን፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ ልብሳቸው ላይ የተሰካው ማይክሮፎን አልጠፋም ነበር። ጭውውቱ መጥፎ እንደ ነበረ ለረዳታቸው አማረሩ፤ ሴትዮዋንም «ጭፍን ጥላቻ ያለባት ሴት» ሲሉ ጠሯቸው።

በዚያው ቀን ብራውን በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ የገዛ ድምፃቸው ተከፈተላቸው፤ ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው ሲያዳምጡም ካሜራ ቀረጻቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሴትዮዋ ቤት ተመልሰው ሄዱና 40 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይቅርታ ጠየቁ። ሲወጡም የተጸጸቱ ኃጢአተኛ መሆናቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። አባታቸው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ነበሩ የዚህን ቃል ክብደት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ነው። በሜይ 6 ቀን በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው አብላጫውን መቀመጫ አጣ፤ እርሳቸውም ከ5 ቀን በኋላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ይሁን እንጂ በዚያችው በሮችዴል ከተማ ያሸነፈው የእርሳቸው ፓርቲ ዕጩ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ከስድቡ ይልቅ የሚያሳዝነው የሁለቱ ፊቶች መለያየት ነው። በአደባባይ ፈገግታ፣ በመኪና ውስጥ ንቀት! ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ሰዎች «እውነተኛው ቃል የተደበቀው ነው፤ በአደባባይ የሚነገረው ሁሉ ማስመሰል ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሰው በልቡ ያከማቸውን አንድ ቀን በአፉ ማውጣቱ አይቀርምና። ነገር ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። በእያንዳንዳችን አንገት ላይ ለአንድ ቀን ብቻ የማይጠፋ ማይክሮፎን ቢንጠለጠል ስንቶቻችን ጎረቤታችንን፣ መምህራችንን፣ የሥራ ባልደረባችንን ቀና ብለን ለማየት እንደፍር ነበር? በድካምና በንዴት ጊዜ የሚወጣ ቃል የልብን አንድ ክፍል ያሳያል እንጂ ልብን በሙሉ አያሳይም። በትሕትና ለመመለስ የሚደረገው ጥረትም ቢሆን የዚያው ሰው ልብ ሥራ ነው።

ይህን ስንል ግን ያመለጠ ቃል ሁሉ ይቅር ይባል ማለታችን አይደለም። በድካም የተወረወረ ስድብና ስለ ሥራ የተነገረ ኑዛዜ እኩል አይመዘኑም። ለዚህ ሁለተኛ ምሳሌ የምትሆነን የሀንጋሪ አገር ናት። የሀንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ፌሬንጽ ጁርቻኒ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደይ ወራት ፓርቲያቸው ምርጫ ካሸነፈ በኋላ፣ በሜይ ወር በባላቶን ሐይቅ አጠገብ በተደረገ ዝግ ስብሰባ ላይ ለፓርቲያቸው የምክር ቤት አባሎች ንግግር አደረጉ። በዚያ ንግግር ስለ አገሪቱ የኢኮኖሚ ሁኔታ ጠዋትም ማታም ሲዋሹ እንደ ቈዩ አመኑ። የንግግሩ ቅጂ ሾልኮ ወጥቶ በሴፕቴምበር 17 ቀን በሬዲዮ ተሰማ። በማግስቱ ሌሊት የተቈጡ ሰልፈኞች የመንግሥቱን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰብረው ገቡ። ጁርቻኒ ግን የንግግሩ ዓላማ ፓርቲው መዋሸቱን እንዲያቆም ለመምከር ነበር ብለው ተከራከሩ፤ እስከ 2009 ድረስም በሥልጣን ቈዩ።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። ብራውን አንዲትን ሴት ሰደቡ፤ ዕዳቸውም ለእርሷ ነበርና ወደ ደጃፏ ሄደው ከፈሉ። በሀንጋሪ የተሰማው ቃል ግን ከስድብ ይከብዳል። ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው ስለ አገሩ ሁኔታ የተነገረውን አምኖ ነበር። የተነገረው ውሸት ከሆነ ድምፁ ተሰርቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕዳ በአንድ ቤት ደጃፍ ይቅርታ ብቻ አይከፈልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ያመለጠው ቃል የንዴት ቃል ከሆነ ይቅርታ ይበቃዋል፤ የተሠራ በደልን የሚገልጥ ከሆነ ግን በደሉ ራሱ ይመርመር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። የሀንጋሪ ታሪክ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ምርጫ የጁርቻኒ ፓርቲ ክፉኛ ተሸነፈ፤ ተቃዋሚዎቹም ከምክር ቤቱ መቀመጫ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት እነርሱ ብቻ በሰጡት ድምፅ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኛ ልንመለከተው የሚገባን ግን አንድ ወገን ፈጽሞ በተናቀ ጊዜ በምክር ቤቱ ውስጥ «ቆይ፣ እንነጋገር» ለማለት የሚበቃ ኃይል ያለው ሌላ ወገን አለመቅረቱን ነው።

ንቀት ሌላም ጉዳት አለው፤ ይኸውም ጥፋተኛውን ይሸሽገዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 አንድ የለንደን ጋዜጣ የብሪታንያ የምክር ቤት አባሎች ለወጪያቸው ከመንግሥት የጠየቁትን ገንዘብ ዝርዝር ማውጣት ጀመረ። አንዱ የግቢውን የውኃ ቦይ ላስጠረገበት ገንዘብ ጠይቆ ተገኘ። ሌላው በኩሬው ላይ ለሚንሳፈፍ የዳክዬ ቤት ዋጋ ጠይቆ ነበር፤ ይህኛው እንኳ ተከልክሏል። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ቍጣውም ተገቢ ነበር። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፈ ጉባኤ ላይ ሲደርስ ከ1695 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሐሰት ሰነድ ገንዘብ የወሰዱ አባሎች ለፍርድ ቀርበው ታሠሩ። የአባሎቹን ወጪ የሚቈጣጠር ከምክር ቤቱ ነፃ የሆነ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የሚዛን ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ፣ ደረሰኙ ተገልጦ፣ እንደ ጥፋቱ ተፈርዶበታልና።

በዚያው ጊዜ ግን «ሁሉም ሌቦች ናቸው» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። የምክር ቤቱ አባሎች 646 ነበሩ። ሁሉም ሌባ ከተባለ ያልሰረቀው ምን ተጠቀመ? የሰረቀውስ ምን ጐዳው? እንዲያውም በሕዝቡ መካከል ተደበቀ፤ «እኔም እንደ ሌሎቹ ነኝ» ለማለት ምክንያት አገኘ። ጨዋው ሰው ደግሞ እንዲህ ወዳለው ቦታ ለመግባት ይጠየፋል። ወንበሩ ግን ባዶ አይቀርም፤ ስድብን የማይፈራ ሰው ይቀመጥበታል።

ንቀት ሥራ የፈታ ነገር መሆኑንም ከአሜሪካ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት ባደረገው ጥናት የአሜሪካን ኮንግረስ ሥራ እንደሚደግፉ የገለጹት ከ100 ሰዎች 9 ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ሲደረግ ግን በድጋሚ ከተወዳደሩት የተወካዮች ምክር ቤት አባሎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ተመልሰው ተመረጡ። ሕዝቡ ምክር ቤቱን በጅምላ ናቀ፤ የራሱን ተመራጭ ግን ሳይመዝን መለሰው። በቡና ላይ መሳደብ ቀላል ነው፤ የአንድን ሰው ሥራ ተከታትሎ መመርመር ግን ጊዜና ድካም ይጠይቃል።

ይህ ነገር ከእኛ አገር ታሪክ ጋርም ይገናኛል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ይህም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ተብሎ ተደነገገ። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በድምፁ የመረጠው ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። ያ ምክር ቤት ብዙ ጕድለት ነበረበት። ሆኖም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ ብሔራዊ ሸንጎ እስከ ተሰበሰበበት ጊዜ ድረስም አገሪቱ በምርጫ የቆመ ብሔራዊ ምክር ቤት ሳይኖራት 13 ዓመት አለፈ። «ሕዝቡ መምረጥ አይችልም» የሚለው ቃል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ንቀት ነው። «የሚመረጡት ሁሉ የማይረቡ ናቸው» የሚለው ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ንቀት ነው። ሁለቱ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ተመራጭ ሁሉ የማይረባ ከሆነ መምረጥ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩን በምናውቀው በዕድራችን እናስበው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ቢጐድልበት አባሎቹ ምን ያደርጋሉ? መዝገቡ ይቅረብ ይላሉ፤ ደረሰኝ ይቈጠራል፤ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፤ የጐደለው ይተካል፤ ሰውየውም እንደ ጥፋቱ ይሻራል ወይም ይቀጣል። «ዕድር ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ ድንኳኑን ሸጦ የሚበተን የለም። ነገ ሬሳ ማን ያነሣል? ማንስ ለቀስተኛ ያስተናግዳል? ገንዘብ ያዡ ስብሰባው ካለቀ በኋላ አባሎቹን ሲያማ ቢሰማም እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት ይጠየቃል፤ ይቅርታም ያወርዳል። ታዲያ ለዕድራችን የምናደርገውን ጥንቃቄ ሕግ ለሚያወጣልን ምክር ቤት ለምን እንነፍገዋለን?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ የአንድ ተመራጭ ያመለጠ ቃል በጆሯችን ሲደርስ ለመሳቅና ለመሳደብ ከመቸኰላችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቃሉን በሙሉ ሰምተነዋልን ወይስ ተቈርጦ የቀረበልንን ብቻ? የንዴት ቃል ነውን ወይስ የተሠራ በደልን የሚገልጥ? የተበደለው ማን ነው? በዳዩስ ወደ ተበዳዩ ደጃፍ ሄዷልን? ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ሌሎቹን በአንድ ገመድ እያሰርናቸው አይደለምን? እነዚህን ጠይቀን የምንሰጠው ፍርድ ጽኑ ሊሆን ይችላል፤ ከሥልጣን እስከ ማውረድም ሊደርስ ይችላል። ንቀት ግን አይሆንም።

ከእኛ መካከል ዛሬ የክፍል አለቃ፣ የማኅበር ጸሐፊ፣ የዕድር ተላላኪ የሆነ ወጣት አለ። ነገ ደግሞ የሕዝብ እንደራሴ የሚሆን ይኖራል። እርሱም በበኩሉ ይህን ያስብ፤ ከተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ወጥቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ስለ እነዚያ ሰዎች የሚናገረው ነገር፣ ተመልሶ በፊታቸው ሊደግመው የሚችል ይሁን። ይህን ማድረግ ያቃተው ቀን ደግሞ መንገዱ ወደ ሰዎቹ ደጃፍ መሆኑን አይርሳ።